ክፍልሽ እንደነበረ ነው

መምህርቷ በሰው አገር ከሁሉ አስቀድማ የተማረችው እሑድ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መሞትን ነው።

ማንም አልገደላትም። እንግሊዝኛ ልታስተምር ከመጣች ገና ሳምንቷ ነበር። አከራይዋ ሴትዮ በሯን ቆርቆር አደረጉና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ገቡ።

«ልጄ... ልትደውል... ነው» አሉ። ለመምህርቷ ሲያወሩ ቃሉን አንድ አንድ እየለቀሙ፣ ጎረቤት እስኪሰማ እየጮኹ ነው። የባዕድ አገር ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስላቸዋል። «አንቺ... የለሽም። እሺ? ውሃ... አትክፈቺ። አታስነጥሺ። ሰው ቢያንኳኳ... ቶሎ... ክፈቺና... ዝም በል... በዪው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርቷ የተከራየችው የሴትዮዋን ልጅ ክፍል ነው። ልጅቷ ሥራ ብላ ሩቅ አገር ሄዳለች፤ ክፍሏ መከራየቱን አልሰማችም። እናት ሆዬ በየሳምንቱ «ክፍልሽ እንደነበረ ነው ልጄ፣ አልጋሽን ዛሬም አነጠፍኩልሽ» ይሏታል። ይህን የሚሉት ሳሎን ሶፋ ላይ እግራቸውን ሰቅለው ነው። አልጋው ላይ ያለችው መምህርቷ ናት፤ የተማሪ ደብተር ታቅፋ፣ ማስነጠሷን በትራስ አፍና።

«ምስኪን ልጅ!» ትላለች በሆዷ። «የገዛ እናቷ ትጫወትባታለች።»

አንዳንዴ ልጅቷ የክፍሏን ፎቶ ትጠይቃለች። ያን ቀን ጉድ ነው። የመምህርቷ ሻንጣ ኩሽና ይገባል፣ ካፖርቷ መታጠቢያ ቤት ይሰቀላል፣ አንድ ጆሮ የሌላት የጨርቅ ጥንቸል ከሳጥን ወጥታ ትራሱ ላይ ጉብ ትላለች። ፎቶው ሲነሳ ጥንቸሏ ተመልሳ ትታሰራለች።

መምህርቷ ቋንቋውን ለመድ ስታደርግ አንድ ቀን ከአፏ አመለጣት።

«ነውር አይደለም እንዴ እማማ?»

«ምኑ?»

«መዋሸቱ ነዋ!»

«የት ጋ ዋሸሁ? አልጋው አለ፣ መጋረጃው አለ፣ ጥንቸሏ አለች። ከክፍሉ ምንም አልጎደለም። ትርፍ ነው ያለው፤ ትርፏም አንቺ ነሽ!» ሳቁና ሾርባ ቀዱላት። ቆይተው ደግሞ፣ «ባዶ ክፍል አጠገብ ተኝተሽ ታውቂያለሽ? ሌሊቱን ሙሉ ዝም ይላል» አሉ።

መምህርቷ ሾርባውን ጠጣችው።

የአገሯ ናፍቆት እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የሚጠዘጥዛት። ሥራዋ ላይ ሳይቀር ይታይባት ጀመር። ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው ምሳሌ ሁሉ ያው አንድ ነው፦ «የክፍሌ መስኮት ሰማያዊ ነው። እናቴ በክፍሌ መስኮት ታያለች። እናቴ ትጠብቀኛለች።» አርባ ተማሪ በአንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ ይጮኸዋል። የማያውቁትን መስኮት ከራሳቸው መስኮት አስበልጠው አወቁት።

«መምህር» አለች አንዷ ተንኮለኛ፣ «እናንተ ቤት ግን ከዚህች ክፍል ሌላ ክፍል የለም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም ሳቀች፤ ከዚያ መምህራን ማረፊያ ገብታ አለቀሰች። እውነቷን ነው፣ ሌላ ክፍል የላትም። ውርጩንም፣ የርዕሰ መምህሩን ቁጣም፣ እሑድ እሑድ መሞቱንም የቻለችው እዚያ አንድ የሷ የሆነ ነገር ሳይነካ ተቀምጦ ስለሚጠብቃት ነው።

ለእናቷ ዓርብ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች። «በሌላ ሰዓት አትደውዪ ሆዴ፣ ሥራ ይይዘኛል» ብላታለች እናቷ።

«ክፍሌስ እማዬ?»

«እንደነበረ... ነው። አቧራውን... አሁን... ጠርጌ... መውጣቴ... ነው።»

«ምን ያስጮህሻል? ጆሮሽን ያምሻል እንዴ?»

«ውይ! ለምዶብኝ ነው እናቴ፣ ይቅርታ።»

አረጀችብኝ ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

በሳምንቱ ፎቶ ላኪልኝ አለቻትና ተላከላት። ሰማያዊው መስኮት አለ። አልጋው ተነጥፏል። ከአልጋው ሥር ደግሞ የአዲስ ነጠላ ጫማ ተረከዝ ብቅ ብሏል፤ አረንጓዴ ነው፣ ከእግሯም ትንሽ ይሰፋል። መምህርቷ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ስትመጣ ባዶ እግሯን እንዳትሆን ገዝታ ትጠብቃታለች!

ሮጣ ለአከራይዋ አሳየቻቸው። «ይዩ! እናት ማለት እንዲህ ናት!»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አጠለቁ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጎበዝ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን አልጋ ሥርም አያለሁ።»

ስለ አቧራ የተናገሩ መሰላት። ሦስት ቀን አኮረፈቻቸው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ አገሯ ልትሄድ ሻንጣዋን ሸከፈች።

«ለእናትሽ ነገርሻቸው?» አሉ አከራይዋ ካልሲ እያጠፉላት።

«አልነገርኳትም። ድንገት ነው የምደርስባት።»

«ተይ ልጄ፣ ደውዪ። ሰው ወደ ገዛ ቤቱም ቢሆን ደውሎ ነው የሚሄደው።»

«የኔ እናት እንደ እርስዎ አይደለችም» አለች መምህርቷ፣ አፏን ሞልታ። «የምትደብቀው የላትም።»

ሴትዮዋ ካልሲውን አጥፈው ጨረሱና ጥንቸሏን ለመፈለግ ተነሱ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ መምህርቷ የእናቷ ደጃፍ ቆማለች። ሰማያዊው መስኮት አለ፣ መጋረጃው ገጥሟል። ሳቋን አፍና ለእናቷ ስልክ ደወለች።

«ሆዴ! አሁን በዚች ደቂቃ አልጋሽን እያነጠፍኩ አንቺን ሳስብ!»

ድምፁ በአንድ ጆሮዋ ከስልኩ፣ በሌላው ጆሮዋ ከሳሎን ይመጣል። ከሶፋው ጥግ፣ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት። መምህርቷ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ በሩን አንኳኳች። እግር እየተጣደፈ መጣ።

የከፈተችላት አረንጓዴ ነጠላ ጫማ የተጫማች፣ ፀጉሯ ገና አረፋ ያልለቀቀው ወጣት ናት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ገና ቋንቋ እንደሚለምድ ሰው ቃሉን አንድ አንድ እየለቀመች፣ «እባክሽ... ቀስ...» አለቻት፤ «እማማ... ከልጃቸው... ጋር... እያወሩ... ነው።»