የሐኪሙ ወረቀት

ሰውየው የሐኪሙን ወረቀት ራሱ ሁለቴ አንብቦታል። ሌላ ሰው ሲያነበው የሚለወጥ መስሎት፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ለሚጽፉት ለጋሽ ቦጋለ ሰጣቸው።

«የተመታው ሰው ግራ ዓይኑ ጠፍቷል ይላል» አሉ።

«ታዲያ እስሩ ቀላል ነው ጽኑ?»

«ቁስሉ ቢድን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ጥቂት ወር ተቀምጦ ይወጣል። ዓይን ከጠፋማ ከባድ ጉዳት ነው። ጽኑ እስራት፤ አሥር ዓመትም ሊያልፍ ይችላል። የታሰረው ምንህ ነው?»

«ታናሽ ወንድሜ።»

«እግዜር ያስፈታልህ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ምሳ ይዞ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። በረኛው ፖሊስ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ «ቅመስ» አለው። ያመጣው ሰው ራሱ ሳይቀምስ ምግብ ለእስረኛ አይገባም። ከፍርፍሩ ጎረሰ። ፖሊሱ እያየው ዋጠው።

ወንድሙ ከሽቦው አጥር ማዶ ፈገግ እያለ መጣ።

«ጋሼ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሐኪሙ ወረቀት ወጣ? ቀላል ከሆነ እንደተባባልነው እኔው ታስሬልህ እጨርሰዋለሁ። ጽኑ ከሆነ ግን ቃልህን አትርሳ፤ የመታሁት እኔ ነኝ ብለህ ትቀርባለህ።»

ሰውየው ምሳ ዕቃውን በሽቦው ሥር አቀበለው።

«ቀላል ነው» አለው። «ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።»