የአስታራቂው ጡረታ

አራጌ ጡረታ የወጣው ፀጉሩ ሳይሸብት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰው ሲቀንስ «በፈቃዳቸው ቀድመው የሚወጡ» ብሎ ስም ጠራ፤ አራጌ ፈቃደኛ መሆኑን ያወቀው ስሙ ሲነበብ ነው። ጋቢ ሸለሙት፣ «አሁንማ ዕረፍ» አሉት፣ አጨብጭበው ሸኙት። በቆቦ ሙቀት፣ ጋቢ።

ማረፍ ግን አያውቅበትም። ዕድሜውን ሙሉ በንብረት ክፍል ወንበርና ጠረጴዛ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ሲጽፍ ነው የኖረው። ቤት በዋለ በሳምንቱ ገበያ ወርዶ ቀይ ቀለም ገዛ። መጀመሪያ አልጋው ቁጥር ወጣለት፤ ቀጥሎ ቁም ሳጥኑ፣ ድስቱ፣ ሙቀጫው።

«እነዚህ ቋሚ ንብረት ናቸው» ሲል ለሚስቱ ለቆንጅት አስረዳት። «ሽንኩርትና ሳሙና ግን አላቂ ዕቃ ነው። በፊርማ ነው የሚወጣው።»

«ሽንኩርት በፊርማ?»

«ለቁጥጥር።»

«እኔስ? ቋሚ ነኝ ወይስ አላቂ?»

አራጌ ብሩሹን እንደያዘ አሰበ። ቆንጅትን ያስፈራት ማሰቡ ነው።

ቤቱ ሲያልቅበት አጥር ተሻገረ። የጎረቤቱን የሙሚናን ፍየሎች ቀንዳቸው ላይ ቁጥር ቀባቸው። ማዶ ያለችውን የአስረሳሽን ጀሪካኖች በቁመታቸው ደርድሮ፣ ቦታቸውን እንዳይለቁ አስጠነቀቃት። የሙሚና ባል የመህዲ ግመል ነከሰችው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ በሌላ ጎኗ ዞሮ መጣ። ግመሏ ዛሬም ባለቁጥር ናት። ሰፈሩ ጥርሱን ነክሶ ቻለ፤ ታላቅ ሰው «ተወን» አይባልም።

ደግነቱ ያን ሰሞን ጠብ ተነሳ። ሙሚና ልብሷን በፌስታል ቋጥራ መጥታ አራጌ ደጃፍ ላይ ዘፍ አለች።

«ወላሂ ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም! ጋሽ አራጌ፣ ይፍረዱኝ!»

«እኔ?»

«ከእርስዎ ሌላ በዚህ ሰፈር ቁም ነገረኛ ማን አለና?»

አራጌ ብሩሹን አስቀመጠ። ጋቢውን አጣፋ። ከሚስት ወደ ባል፣ ከባል ወደ ሚስት ሲመላለስ ሰንብቶ አስታረቃቸው። እፎይ ሳይል አስረሳሽና ባሏ ይሁኔ በአንድ ዶሮ ተጣሉ። እነሱ ሲስማሙ ባለወፍጮው ከአማቱ ጋር ተኳረፈ። ጠብ በጠብ ላይ ግን አይደራረብም፤ አንዱ ሳይበርድ ሌላው አይነሳም። አራጌ ይህን የሰፈሩ ጨዋነት ነው ብሎ ወሰደው። ቀይ ቀለሙ በቆርቆሮው ውስጥ ደረቀ። ቆንጅት ፊቷ ተመለሰ፤ ሽንኩርትም ያለ ፊርማ መክተፍ ጀመረች።

ክረምቱ ሲወጣ አራጌን ወባ ጣለው። እሱ አልጋ ላይ በሰነበተበት ጊዜ ሁሉ በሰፈሩ ክፉ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። ድኖ ከዘራውን ባነሳ ማግስት መህዲና ይሁኔ በአጥር ተያያዙ።

ይሄኔ ጠረጠረ። የንብረት ሰው ነው፤ ጉድለት ካየ ሌባ ይፈልጋል። እሱ በታመመበት ሰሞን ከሰፈሩ ያልነበረው ማን ነው? ኢብሮ፣ ባለባጃጁ! ባጃጁን ሊያሠራ ወልድያ ሄዶ የተመለሰው ልክ ወባው ሲለቀው ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚያመላልስ እሱ፤ ወሬውንስ ሌላ ማን ያመላልሰዋል? ተጣዮቹን «ከኢብሮ ሌላ ማን ነገራችሁ?» ብሎ አፋጠጣቸው። መሬት መሬት እያዩ «ኢብሮ» አሉት።

«ደረስኩበት» አላት ቆንጅትን። «ነገር ሠሪው ኢብሮ ነው። እሁድ ሰፈሩን ሰብስቤ ባጃጁን ከዚህ አካባቢ አስነሳዋለሁ። ከሰኞ ወዲያ ጠብ የለም። ቤቴ እውላለሁ።»

ሳህኑ ከቆንጅት እጅ አመለጠ።

«ቋሚ ንብረት ነበር» አለ አራጌ ስብርባሪውን እያየ።

እሁድ ሰፈሩ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ኢብሮ መሐል ቆሟል። የልጆች አባት ነው፤ ከባጃጁ ሌላ እንጀራ የለውም።

«ሰው አላጣላሁም ብለህ ማል» አለው አራጌ።

ኢብሮ ቆንጅትን አየ። ቆንጅት ሙሚናን አየች። ሙሚና ሰማዩን አየች።

«አጣልቻለሁ» አለ ኢብሮ።

«ለምን?»

«ምላሴ ነው፣ ጋሼ። ሸይጧን አለበት።»

«እንግዲያስ ሁለተኛ አይለምደኝም በልና እንማርህ።»

«እሱንማ አልልም!» ኢብሮ ደነገጠ። «አይቆጡኝ፣ ጋሼ፤ ነገም አጣላለሁ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

አራጌ እንዲህ ያለ ጥፋተኛ አይቶ አያውቅም። ከዘራውን ወደ አውራ ጎዳናው ዘረጋ። «በቃ፣ ባጃጅህን አስነሳና ሮቢት ሂድ!»

«ኧረ አይሂድ!» ሰፈሩ በአንድ አፍ ጮኸ።

አስረሳሽ ተነስታ ነጠላዋን አደግድጋ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ጋሽ አራጌ፣ እኛ ለምደነዋል። እሱ ያጣላን፤ እርስዎ ያስታርቁን። እርስዎ ቤት ከዋሉብን ግን አለቅን!»

«አለቅን!» አለ መህዲ፣ ከልቡ።

አራጌ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። መሥሪያ ቤቱ ያን ሁሉ ዘመን ሲያገለግለው አንድ ቀን እንዲህ ብሎት አያውቅም። ኢብሮን በተግሣጽ ማረው። ዕድሜ እስከሰጠው ድረስም ቤቱ እንደማይውል ማለ። «አሜን» ያላለ ሰው አልነበረም፤ እልል ያሉም ነበሩ።

ቤቱ ገብቶ ምሳውን በላና በኩራት ጋደም አለ።

ሴቶቹ ሙሚና ግቢ ተሰበሰቡ። ቆንጅት የተጠቀለሉ ወረቀቶች ያሉበትን ጣሳ ነቀነቀችና አንዱን አውጥታ ዘረጋችው።

«የነገው ጠብ ለአስረሳሽ ደርሷል» አለች፤ «ባለፈው ከይሁኔ ጋር ቶሎ ታርቃችሁብኛል፤ አሁን እባክሽ እስከ ዓርብ አቆዩልኝ።»