ዱባ በካርቶን

ምራቷ ሥራዋን ለቃ ቤት የዋለችው ለምስርና ለዱባ ብላ ነው። ምስሩ ከወንዙ ማዶ ካሉት ገበሬዎች፣ ዱባው ከጎረቤት ጓሮ። ቀቅላ፣ ቀምማ፣ አቀዝቅዛ በወረቀት ካርቶን ታሽጋለች። በላተኛው አሙቆ ይበላል፤ ካርቶኑን ወረቀት ሰብሳቢው ይወስድና እንደገና ካርቶን ሆኖ ይመለሳል። ላስቲክ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም።

አማቷ ግን በዓይኔ አላይም አለች።

«ምግብ እንደ ጫማ በካርቶን!» ትላለች። «ቁጥሩስ ስንት ነው? ለልጄ አርባ ሁለት ስጪልኝ።»

ምራቷ ጥርሷን ነክሳ ታልፋለች። አማት ናት፣ ምን ይደረጋል። ያውም እጇ የተመሰገነ አማት። እሑድ እሑድ ዘመዱ ሁሉ የሚጎርፈው ለእሷ ድስት ነው። ወጥ ቤቷን ከውስጥ ቀርቅራ ነው የምትሠራው፤ እጄን የሚያይብኝ አልወድም ባይ ናት። በቅርጫቷ ሽንኩርቱ አብቅሎ ቅጠል አውጥቷል፤ ማን ልብ ይለዋል። ዘንድሮማ ጭራሽ ጣፈጠላት እየተባለ ጣት ይላሳል።

ችግሩ ካርቶኖቹ ይጠፋሉ። ቅዳሜ አርባ ሆነው ማቀዝቀዣ የገቡት ሰኞ ሠላሳ ሁለት ናቸው። ሰኞ ደግሞ ወረቀት ሰብሳቢው ከረጢቱ ከበደኝ ብሎ ያጉረመርማል።

«እማማ፣ ካርቶን አንስተዋል እንዴ?» አለች ምራቷ።

«እኔ? ያንን? ውሻ እንኳ አሽትቶት ነው የሚያልፈው!»

ውሻ! ያኔ ገባት። ለጎረቤት ውሻ እየደፋችው ነው። ለባሏ ነገረችው። ባልየው በእናቱና በሚስቱ መካከል ሲገባ ጆሮው ይደነቁራል፤ ጋዜጣውን ገለበጠ።

ሐሙስ አንድ የሱፐርማርኬት ሰውዬ ሊቀምስ መጣ። ከወደደ ካርቶኖቹ መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ። ካልወደደ ምራቷ ሰኞ ወደ ለቀቀችው የፋብሪካ ክበብ፣ ወደ ሳህን አጠባዋ ትመለሳለች።

ገና ከመቀመጡ አማቲቱ ድስቷን በጨርቅ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ቤቴ የመጣ እንግዳ ወረቀት በልቶ አይሄድም።»

ድስቱ ሲከፈት እሱም ምስር በዱባ። የምራቷ ደም ፈላ። ይህቺ ሴትዮ ቀን ጠብቃ ልታዋርደኝ ነው አለች በሆዷ።

ሰውዬው መጀመሪያ ከካርቶኑ ቀመሰ። ካርቶኑን አገላበጠው፣ ጽሑፉን አነበበው፣ አኘከ።

«አይከፋም» አለ፣ ሐኪም ያዘዘለት ይመስል።

ከድስቱ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ደገመ። ሠለሰ።

«እሰይ! ምግብ ማለት ይሄ ነው! የእናት እጅ ሌላ ነው እኮ። እህቴ፣ አትቀየሚኝ፣ ያንቺው ካርቶን ካርቶን ይላል። የእናታችንን ዓይነት ብታሽጊ ኖሮ ዛሬውኑ አዝሽ ነበር።»

ምራቷ ሽርጧን ፈታች። አፏን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሰውዬው ቦርሳውን አነሳ።

አማቲቱ ሽርጡን አየችው፤ ወንበር ላይ እንደ ተጣለ ነው። ከንፈሯን ነከሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ለማንም አንገቷን ደፍታ አታውቅም።

«ቁጭ በል፣ አንተ ሰውዬ» አለች። «የእኔ ድስቱ ብቻ ነው፤ ውስጡን ከካርቶን ነው የገለበጥኩት።»