ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ልጅቷ ከመኝታ ክፍሉ ቁም ሳጥን ጀርባ ተሸጉጣ በሁለት እጇ ነቀነቀችው፤ ላዩ ላይ የተደረደሩት ባዶ ጠርሙሶች ተንጫጩ። ጠዋት ሬዲዮው፣ መሬት በዚህ ሳምንት ዳግም የመንቀጥቀጧ ዕድል ከሃያው አንድ እጅ ነው ሲል እናቷ ጫማዋን በር ላይ አዘጋጅታ ነበር። «እማዬ፣ አሥራ ዘጠኙን እጅ ምን በላው?» ብላ አሹፋባት ነበር። አሁን ደግሞ ስትፈረጥጥ አይታ ልትስቅ ነው።

እናቷ ግን ወደ ውጭ አልሮጠችም። ከወጥ ቤት በርራ ገባችና አልጋው ላይ የተጠቀለለው ብርድ ልብስ ልጇ መስሏት ተደፋችበት። «አይዞሽ የኔ ሆድ፣ እኔ አለሁልሽ» አለችው፣ በክንዷ ከልላ።

ልጅቷ ቁም ሳጥኑን ለቀቀች። ምነው መሬቷ የምር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በልቧ። ጠርሙሶቹ ዝም ቢሉም እናቷ ከብርድ ልብሱ ላይ አልተነሳችም።