ገጽ ሠላሳ አንድ

ከቤታችሁ አንድ ነገር ቢጠፋ፣ ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት ስሙ አፋችሁ ላይ የሚመጣው ሰው ማን ነው?

ከውጭ የመጣችው ትልቋ ልጅ ለዚህ መልስ አልቸገራትም። የወንድሟ ሚስት ናት።

ማተሚያ ቤቱ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ከኋላ እናቷ የሚተኙበት ክፍል አለ፤ በመሃል አንድ በር። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ሥራውን የምትመራው ሚስቱ ነች፤ የመንገዱን በር ቁልፍም አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞረው እሷ። ቁመቷ ለጉድ ነው፤ በበሩ ስትገባ ጎንበስ ትላለች።

የሚታተመው የእናትየው መጽሐፍ ነው። ከእርሳስ የማተሚያ ፊደል ለቀማ እስከ ኮምፒውተር ድረስ በዚያ ክፍል ሠርተው፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው የሕይወታቸውን ታሪክ ጻፉ። ልጅቷ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የመጣችው ለዚሁ ነው። ለወንድሟ ቀብር አልደረሰችም። እናቷ ስለዚያ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እሷም ዝምታቸውን እንደ ምሕረት ቆጥራው ነበር።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የእናትና ልጅ ፎቶ አለ። እሷ የሰባት ዓመት ልጅ፣ በእናቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ። ሁለቱ አብረው የተነሱት ሌላ ፎቶ የለም፤ የወረቀቱም ቢሆን ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ርሶ ተበላሽቷል። ቅዳሜ መጽሐፉን ይዛ ትመለሳለች። ያ ፎቶ ከሌለበት፣ የዚህ ቤት ልጅ ለመሆኗ ምን ይዛ ትሄዳለች?

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ ገጹ ሲከፈት በፎቶው ቦታ ግራጫ ሳጥን ተቀምጧል።

የማተሚያ ቤቱ ገጽ አቀናባሪ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ወንበር ከፍ አደረገ። ሰሞኑን ሲመጣ ዝቅ ብሎ ነው የሚያገኘው፤ «እንደኔ አርጅቶ ቁልቁል ይሄዳል» እያለ ያማርራል። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳት። ፕሮግራሙ ማሽኑ እንዳይከብደው ፎቶዎችን በግራጫ ሳጥን፣ ደቃቅ ጽሑፍን በግራጫ መስመር ተክቶ ያሳያል፤ ሲታተም ሁሉም እንደ ልማዱ ይወጣል። እይታውን ወደ ጥራት ቀየረው። የሌሎቹ ገጾች ፎቶዎች ፏ ብለው ወጡ። ሠላሳ አንድ እንዳለ ቀረ።

«ይሄኛውስ?» አለች።

«ይሄኛው ፋይሉ ቦታው ላይ የለም። ገጹ ፎቶውን አይዝም፣ እትዬ፤ አድራሻውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ሰው ፋይሉን ከወሰደበት ባዶውን ይቀራል።»

ሰው የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

ፋይሉ የተበላሹ ሥራዎች የሚጣሉበት ፎልደር ውስጥ ተገኘ። መለሰው፤ ፎቶው ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ጠፋ። ረቡዕም እንዲሁ። አቀናባሪው ወንበሩን ከፍ እያደረገ፣ ፋይሉን እየመለሰ ሰነበተ።

ልጅቷ የወንድሟን ሚስት በዓይኗ መከተል ጀመረች። ጠዋት ቀድማ የምትከፍት እሷ፣ ማታ የምትቆልፍ እሷ። አንድ ቀን «ፎቶው በዝቷል፣ ወረቀት ይፈጃል» ስትልም ሰምታታለች። ረቡዕ ከሰዓት አልቻለችም፤ አቀናባሪው ፊት አፈረጠችው።

«ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።»

«አዎ፣ እኔ ጋ ነው፣ እትዬ። እማማን የማጥባቸውም፣ ኪኒናቸውን የማስውጣቸውም እኔ ነኝ። ፎቶ ለመደበቅ የሚተርፍ ጊዜ ያለኝ ይመስልሻል?»

እናትየው መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው፣ አጭር እግራቸው መሬት ሳይደርስ የመሃለኛው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ለማንም አላገዙም።

«እኔ ስክሪን አላምንም» አሉ። «የማምነው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲመጣ ታያላችሁ።»

ሐሙስ አቀናባሪው ሌላ መላ አመጣ። ፎቶውን ራሱን ከነነፍሱ ገጹ ውስጥ ከተተው። ከእንግዲህ ፋይሉን የትም ቢወስዱት ገጹ አይጎድልም። የወንድሟ ሚስት ይህን ቆማ አየች፤ ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ መጽሐፉ እስኪታተም እህቷ ዘንድ እንደምትሰነብት ተናግራ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ወጣች። ልጅቷ አላስቀረቻትም። ጥፋተኛ ብትሆን ነው እንጂ ማን ቤቱን ጥሎ ይሄዳል አለች በልቧ።

ዓርብ ጠዋት የመንገዱን በር ራሷ ከፈተች። ቁልፉ ከእጇ አልወጣም። አቀናባሪው ወንበሩን ከፍ አደረገና ተቀመጠ። የመጽሐፉ ፎቶ በሙሉ ግራጫ ሆኖ ጠበቃቸው።

ክው አለች። እሱ ግን ሳቀ። «እይታው ወደ ፈጣኑ ተመልሶ ነው። አንዱ ብቻ ሲጠፋ ነው እንጂ ሁሉም ሲጠፋ ምንም አይደል። ልለውጠው? ይሄ አሮጌ ማሽን ግማሽ ሰዓት ይወስድበታል።»

ሠላሳ አንድን አየች። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ግራጫ ሳጥን፣ ከሥሩ ግራጫ መስመር። ፎቶው ገጹ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው።

«ተወው፣ ይታተም» አለች።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ቅጂ ተጠርዞ መጣ፤ ገና ሙጫ ሙጫ ይሸታል። እናትየው መነጽራቸውን ሳያደርጉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣመሩ።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ሠላሳ አንድን አንብቢልኝ።»

ገለጠች። በሠላሳኛው ገጽ ወንድሟ በሙሽራ ልብሱ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ቀጥሎ ባለው ገጽ፣ ዳርና ዳሩ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ግራጫ ሳጥን በቀለም ታትሟል። ከሥሩ ያለው ግን መስመር አልነበረም፤ ደቃቅ ፊደል ነው። ጮክ ብላ ጀመረችው።

«ወንድሟን ያልቀበረች ልጄ እዚህ ነበረች፤ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ማንንም ይቅር አልልም።»