መልሱን ብሮንክስ እየጠበቀ ነበር

ራሺን በብሮንክስ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ማይክ ፊት ተቀምጦ ጣቶቹን ማሳረፍ አቅቶት ነበር። የተቀናቃኙ ሰፈር የኩዊንስ ልጆች የእሱን የራፕ ቡድን የሚሰድብ ዘፈን አውጥተዋል፤ እሱ ግን ዘፈኑን ገና አልሰማውም። አዘጋጁ ላማር ዘፈኑን በቀጥታ ስርጭት አሰምቷቸው መልሳቸውን እዚያው ሊቀበል እነ ራሺንን ጋብዟቸዋል፤ ሰፈሩም ከሰዓት ጀምሮ ሬዲዮ ላይ ተጥዷል። "ተረጋጋ ጀለስ" አለው የቡድን ጓደኛው ትሬሜይን። "ሲጨርሱ አፈር ድሜ ታበላቸዋለህ።"

ዘፈኑ ጀመረ። በመጀመሪያው ስንኝ የራሺን ድምፅ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎችን አስተኛ አሉ። ቀጥለው በልጅነቱ ይንተባተብ እንደነበር አነሱበት፤ ፊቱ ጋለ። ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀው ስድብ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ይህን ጊዜ ዞር ሲል የትሬሜይን ጭንቅላት ከከበሮው ምት ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አየ።

"እየሰደቡን ትወዛወዛለህ?"

ትሬሜይን ደንግጦ አንገቱን በሁለት እጁ ያዘ። "እናቴን! እኔ አይደለሁም፣ አንገቴ ነው።"

ራሺን ሊቆጣው አፉን ሲከፍት ከበሮው እንደገና ገባ፤ ከስሩም አንድ ያረጀ የሚመስል መለከት ተከተለ። እሱና ትሬሜይን ለራሳቸው ዘፈን ዓመቱን ሙሉ ሲያስሱት ከርመው ያጡት ድምፅ ይኸው ነበር። ሌሎች አገኙት። ቢያናድደውም ዘፈኑ እንዳያልቅበት ሰጋ።

ዘፈኑ አለቀ። ላማር ጣቱን ቀሰረበት። "በል ራሺን፣ ብሮንክስ እየሰማህ ነው!"

ራሺን ወደ ማይኩ ተጠጋ። ያ ሁሉ ስድብ አፉ ውስጥ ነበር።

"ዛሬ በልጠውናል" አለ። ከዚያ ወደ ላማር ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስቲ ዘፈኑን ድገመው።"