በአስራ አንደኛው ቀን

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማህደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ክሩን ልትፈታ ስትል፣ ጎሚስታው መዳፉን ከላዩ ላይ ጣለበት።

«አንድ ጊዜ» አለ። «መጀመሪያ ለእኔ ብቻ ብታሳዪኝስ?»

ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አጠገቡ ወደተቀመጡት እናቱ ዞረች። አሮጊቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብለዋል።

«እጅህን አንሳ» አሉት ልጃቸውን። «አርባ ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም።»

አነሳ። ቢጫው ማህደር ላይ የጎማ ጥላሸት አሻራ ቀረ።

ጎሚስታው የፈራው አለምክንያት አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት ብቻውን መጥቶ አንዲት ካርድ አሳይተውት ነበር። ወታደር ሆኖ ዘምቶ ከቀረው አባቱ ስምና ከመለያ ቁጥሩ ጎን በደበዘዘ የጽሕፈት መኪና ፊደል ሦስት ቃል ተጽፎባታል፦ «ያለፈቃድ ከክፍሉ የተለየ»። ቤት ሲገባ እናቱን «ገና እየፈለጉ ነው» አላቸው።

ምን ብሎ ይንገራቸው? ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት አንድ ጎረቤታቸው ከሩቅ ከተማ ተመልሶ፣ «ባልሽን ገበያ መሃል አየሁት፤ ሚስትና ልጅ አስከትሏል፤ ወፍሯል» ብሏቸው ነበር። እናቱ ከዚያ ወዲህ አላለቀሱም፤ ሌላ ባልም አላገቡም። ሰው ስለ ባላቸው ሲጠይቃቸው «እንጃለት» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ልጅየው ደግሞ መልኩን እንኳ የማያስታውሰውን አባት ሲጠላ ጸጉሩ ሸበተ። እና አሁን ያቺ ካርድ፣ የዚያን ጎረቤት ወሬ እውነት ልታደርገው ነው።

«እማማ» አለች ሠራተኛዋ ክሩን እየፈታች፣ «መጀመሪያ ያገኘነውን ካርድ ልጅዎ አይቶታል። ያለፈቃድ ከክፍሉ ተለየ ይላል።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህን ደበቅኸኝ?»

«ሆድሽ እንዳይባባ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«የኔ ሆድ ስንቱን ችሏል!» አሉና ወደ ሠራተኛዋ ተመለሱ። «ቀጥዪ ልጄ።»

«ካርዱ ግን ተሳስቷል» አለች ሠራተኛዋ። አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ በጥንቃቄ ዘረጋችው። «ይሄ የጦር ሜዳ ሆስፒታሉ ወረቀት ነው። የመለያ ቁጥራቸው መጨረሻ ላይ ሰባቱን አንድ ብለው ስለጻፉት ከሌላ ሰው ማህደር ገብቶ ነው የቆየው። ባለቤትዎ ከክፍላቸው የተለዩት ታዘው ነው፣ እማማ። ቁስለኛ የጫነ መኪና አጅበው ወደ ኋላ እንዲመለሱ የመቶ አለቃቸው አዘዛቸው። እሱ በማግስቱ ተሰዋ፤ ትእዛዙን የሚያውቅ ሰው አልቀረም። ስም ሲጠራ ባለቤትዎ የሉም። ጸሐፊው ደግሞ ያሰበውን ጻፈ።»

«ታዲያ ይሄን ማን ተናገረ?» አለ ጎሚስታው።

«ሾፌሩ። ቆስሎ ተርፎ ነበር፤ ለሆስፒታሉ የሰጠው ቃል ይኸው። መኪናው ድልድይ ላይ ተመትቶ በእሳት ተያያዘ። ሁለት ቁስለኞች ጎትተው ካወጡ በኋላ ለሦስተኛው ሲመለሱ ነው…»

አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም።

ጎሚስታው እናቱን አየ። እሳቸው ግን ስለ ድልድዩም፣ ስለ እሳቱም አልጠየቁም።

«መቼ ነው?» አሉ።

ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደ መነጽሯ አስጠጋችው። «ከእረፍት ፈቃዳቸው በተመለሱ በአስራ አንደኛው ቀን።»

«አስራ አንድ። ፈቃዱን እኔ ጋ አሳልፎ በሄደ በአስራ አንድ ቀን።» አሮጊቷ በጣቶቻቸው መቁጠር ጀመሩ። መሃል ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸውና እንደገና ከአንድ ተነሱ። ጨርሰው ሲያበቁ ፊታቸው ፈታ አለ።

«በአስራ አንድ ቀን መቼ ሊያገባ ነው ታዲያ?» አሉ።

ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ቀጠሉ።

«መቼስ ሊወልድ? መቼስ ሊወፍር? ወፍሯል ብሎኝ ነበር እኮ፣ ያ ጉደኛ!»

እና ሳቁ። ልጃቸው እንዲህ ሲስቁ ሰምቷቸው አያውቅም፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሠራተኛዋም ሳቋ አመለጣት፣ አፏን በማህደሩ ሸፈነች። ከዚያ የአሮጊቷ ሳቅ ቀስ ብሎ ወደ ለቅሶ ዞረ። አርባ ዓመት ተይዞ የቆየ እንባ ነበርና እስኪወጣላቸው ልጃቸውና ሠራተኛዋ ጠበቋቸው።

«ሙት ስወቅስ ኖርኩ» አሉ ፊታቸውን እየጠረጉ። «ይቅር በለኝ። ለካስ ቢተርፍ ወደኔው ሊመጣ ነበር።»

ጎሚስታው ትንፋሹን ለቀቀ። ሲይዘው የከረመው ትንፋሽ የሁለት ወር ብቻ አልነበረም።

«ሁለቱን አባዬ ነው ያወጣቸው?» አለ። ያን ቃል በሕይወቱ ተናግሮት አያውቅም። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው እሱም የሰማው።

«አባትህ ናቸው» አለች ሠራተኛዋ። «ስማቸው እዚህ አለ።»

ቅጂውን ለመውሰድ የሚሞላ ቅጽ አቀረበችላቸው። እናቱ መነጽራቸው በእንባ ስለደፈረሰ ጎሚስታው ብዕሩን ተቀበለ። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ጻፈ። «ዝምድና» የሚለው ላይ ሲደርስ እናቱን አየና ሞላው።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አሉት።

«የሟች ባለቤት።»

«እስቲ ድገመው።»

«የሟች ባለቤት» አለ፣ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ እስኪሰሙ።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዕሩን ከእጁ ወስደው ጎንበስ አሉና ስማቸውን አንድ በአንድ ፊደል እየለዩ ፈረሙ። በጣም ተጭነው ስለጻፉ፣ ፊደሎቹ ከሥር ያለው ባዶ ወረቀት ላይም ወጡ።